ጭፈራው ላይ ብቻ የሚቆመው ቪዲዮ፦ በቤት ሰርቨር ላይ የፎር ኬ ፊልም መቆራረጥ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ቪዲዮ ሲቆራረጥ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ኢንተርኔቱን ነው። እዚህ የምተርከው ቤትም እንዲሁ ነበር። ፓኬጅ ከፍ ተደረገ፣ ዕቃ ተገዛ፣ ገንዘብ ወጣ። ቪዲዮው ግን አልተስተካከለም። በመጨረሻ ሲደረስበት ምክንያቱ አንድ ሳይሆን ሦስት ነበር። ሦስቱ ተደራርበው ስለነበር አንዱን ስናነሳ ሌላው ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ በትክክል ያስተካከልነው ነገር ራሱ ምንም ያልፈየደ ይመስል ነበር። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ጉዳዩን ከነሙከራው የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ቤተሰቡ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ስማቸው ግን ይቅር።

ቤቱና ዕቃዎቹ

ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ጂ ፕላስ ዋን ነው። የቤቱ ልጅ ጓደኛዬ ነው። እህቱ ተድራ ባሏ ወዳለበት አሜሪካ ሄዳለች። እሱ፣ ወላጆቹና አያቱ እዚሁ አብረው ይኖራሉ።

ቪዲዮ አንሺው የሠርጉን ፊልም በውጭ ሃርድ ዲስክ አስረከባቸው። ርዝመቱ 46 ደቂቃ ነው፤ መጠኑ 28 ጊጋባይት። ፎር ኬ ነው፤ በሰከንድ 25 ምስል፣ ኤች.265 በሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ የተዘጋጀ።

ጓደኛዬ ፎቅ ላይ ባለው ክፍሉ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለው። ፕሮሰሰሩ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ነው። ጄሊፊን ጭኖበት የቤት ሰርቨር አድርጎታል። ጄሊፊን በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ፊልምና ፎቶ ቤት ውስጥ ላሉት ቲቪዎችና ስልኮች ሁሉ ያቀርባል። ራውተሩም እዚያው ክፍል ነው ያለው፤ ሰርቨሩ በአጭር ኬብል ተያይዟል። ቲቪው ታች ሳሎን ነው፤ 55 ኢንች ፎር ኬ። በመካከላቸው ሶሌታውና ሁለት የብሎኬት ግድግዳ አለ። ቲቪው ሰርቨሩን የሚያገኘው በዋይፋይ ነበር።

ዲስኩን በቀጥታ ቲቪው ላይ መሰካት ይቻል ነበር። ጓደኛዬ ግን ዲስኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንድ ቀን ይወድቃል ብሎ ፈራ። አልተሳሳተም። የሠርግ ቪዲዮ በአንድ ቅጂ ብቻ መቀመጥ የለበትም። ፋይሉን ሰርቨሩ ላይ ገልብጦ ዲስኩን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው።

ምልክቱ

ቪዲዮው ይጀምራል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ይሄዳል። ይቆማል። መሃል ላይ ክቧ ትሽከረከራለች። ደግሞ ትንሽ ይሄዳል። ድምፁም አብሮ ይቆረጣል። በዚህ አካሄድ 46 ደቂቃውን ለመጨረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። አባት ሁለት ጊዜ ሞክረው ተዉት። እናት ግን ምኞታቸውን አልተዉም፤ እያቋረጠም ቢሆን ያዩት ነበር።

ከእኔ በፊት የተሞከረው

ጓደኛዬ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። መጀመሪያ የኢንተርኔት ፓኬጁን ከፍ አደረገ። ለውጥ አልመጣም። ቀጥሎ ሰርቨሩ ላይ ራም ጨመረ፤ ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት። ለውጥ የለም። የኤችዲኤምአይ ኬብልም ገዛ። ያ ጭራሽ አይመለከተውም ነበር፤ ምክንያቱም ቪዲዮውን የሚያጫውተው ቲቪው ውስጥ ያለው አፕ ራሱ ነው። በመጨረሻ አፑ ላይ የጥራት ምርጫውን ዝቅ አድርጎ 20 ሜጋቢት ላይ አደረገው። ጥራቱ ሲቀንስ ይቀለዋል ብሎ ነው። ይህች የመጨረሻዋ እርምጃ በኋላ ዋጋ አስከፍላናለች።

መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ማውጣት

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። የመጀመሪያው ሥራዬ ራውተሩ ላይ የገባውን የፋይበር መስመር መንቀል ነበር። ቤቱ ከኢንተርኔት ውጪ ሆነ። ከዚያ ቪዲዮውን ከፈትነው። ልክ እንደ ቀድሞው ይጫወታል፣ ልክ እንደ ቀድሞው ይቆራረጣል።

አባት በጣም ተገረሙ። «ኢንተርኔት ሳይኖር እንዴት መጣ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ፊልሙ የሚመጣው ከፎቅ ነው» አልኳቸው። «ከውጭ ምንም አይገባም።» ፋይሉ ከሰርቨሩ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ቲቪው ይሄዳል። ከአጥሩ ውጪ አይወጣም። ስለዚህ ለፓኬጁ በየወሩ የተጨመረው ብር በዚህ ጉዳይ ላይ ከንቱ ነበር።

ይህ ሙከራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ምንም ዕቃ አይጠይቅም። ቤት ውስጥ ያለ ሰርቨር ሲያስቸግር ከሁሉ በፊት ይህን አድርጉ።

ቀጥሎ ቲቪውን ማውጣት

ቲቪው ራሱ ይህን ፋይል መሸከም ይችል ይሆን? ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ሰካሁት። (ፍላሹ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ በኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ነበረብኝ።) ከፍላሹ ሲጫወት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ቦታ አልቆመም። ስለዚህ ፋይሉ ደህና ነው። ቲቪውም ደህና ነው። የቀረው ሰርቨሩና መንገዱ ነው።

አንደኛው ምክንያት፦ ሰርቨሩ የማያስፈልግ ሥራ ይሠራ ነበር

የጄሊፊንን ዳሽቦርድ በስልኬ ከፈትኩ። ቪዲዮ እየተጫወተ ሳለ ሰርቨሩ ፋይሉን እንዳለ እየላከው ነው ወይስ ወደ ሌላ ዓይነት እየለወጠው ነው የሚለውን እዚያ ላይ ማየት ይቻላል። እየለወጠው ነበር። ምክንያቱንም ጽፎታል፦ የፋይሉ ፍጥነት ከተፈቀደው ገደብ በላይ ነው ይላል። ገደቡ ያቺ 20 ሜጋቢት ናት።

ጓደኛዬ ጥራቱን ዝቅ ሲያደርግ ሰርቨሩን «ይህን ትልቅ ፋይል እያየኸው አሳንሰህ ላክልኝ» ብሎ ማዘዙ ነበር። ፎር ኬ ኤች.265 ፈትቶ፣ አሳንሶ፣ እንደገና ጨምቆ መላክ ለዚያ ፕሮሰሰር ከአቅም በላይ ነው። አራተኛ ትውልድ ላይ ኤች.265ን በራሱ የሚፈታ ሙሉ የሃርድዌር ድጋፍ የለም። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ወደቀ። አጠቃቀሙ 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ ነበር። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ከኮሪደሩ ይሰማል።

ጥራቱን ወደ ከፍተኛው መለስነው። ፕሮሰሰሩ ወዲያው ወደ 4 በመቶ ወረደ። አሁን ሰርቨሩ ፋይሉን እያነበበ መላክ ብቻ ነው ሥራው።

ቪዲዮው ግን አሁንም ይቆማል። ጓደኛዬ ፊቱ ወደቀ። እኔ ግን አንድ ለውጥ አይቻለሁ። ቀድሞ በየሁለት ሰከንዱ ነበር የሚቆመው። አሁን ከስድስት እስከ አሥር ሰከንድ ሄዶ ነው። በሰዓት ባልይዘው ኖሮ ይህን ለውጥ አላየውም ነበር። «ያው ነው» ብለን ወደ ዝቅተኛው ጥራት እንመልሰው ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት፦ ዋይፋዩ

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ አለ። የፋይል መጠን የሚነገረው በባይት ነው። የኔትወርክ ፍጥነት ደግሞ በቢት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ብዙ ጭቅጭቅ የሚመጣው ሁለቱን በማምታታት ነው። 28 ጊጋባይት በስምንት ሲባዛ 224 ጊጋቢት፣ ማለትም 224,000 ሜጋቢት ይሆናል። 46 ደቂቃ 2,760 ሰከንድ ነው። ብናካፍለው 81 ይመጣል። ይህ ፊልም በአማካይ በየሰከንዱ 81 ሜጋቢት ይፈልጋል።

ላፕቶፔን ቲቪው አጠገብ አስቀምጬ አይፐርፍ3 በሚባለው ፕሮግራም ከሰርቨሩ ጋር ያለውን ፍጥነት ለካሁ። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይ 31 ሜጋቢት። በ5 ጊጋኸርትዝ 48። አምስቱ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ግድግዳና ሶሌታ ማለፍ ይከብደዋል። ሁለቱም 81 አይደርሱም። 81 የሚጠጣ ፊልም በ48 ቧንቧ አይጠግብም።

ስለዚህ ከፎቅ ወደ ሳሎን ኬብል እንዲዘረጋ ተስማማን። አንድ ባለሙያ መጥቶ 25 ሜትር ገደማ ካት6 ኬብል አወረደ። ጫፎቹን ገጠመ። ቲቪው ላይ ሰካነው። ቤተክርስቲያኑ፣ ቀለበቱ፣ ፎቶው፣ ሁሉም ያለ ችግር አለፈ። እኔም ሥራው አልቋል ብዬ ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

እማማ ያገኙት ፍንጭ

በማግስቱ ጓደኛዬ ደወለ። አሁንም ይቆማል አለኝ። የት የት ላይ ነው ብዬ ብጠይቀው አላስተዋለም። ተመልሼ ሄድኩ።

ነገሩን የፈቱት እማማ፣ አያቱ ናቸው። ሠርጉ ላይ እስክስታ የወረዱት እሳቸው ናቸው፤ 33ኛው ደቂቃ ላይ። ያቺን ቦታ ነው ማየት የሚፈልጉት። ሶፋው ጥግ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ቤተክርስቲያኑ ላይ ደህና ነው። ሰዉ ሲበላም ደህና ነው። እኔ ልጨፍር ስነሳ ነው የሚቆመው።»

መጀመሪያ ላይ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ተቀምጬ ሙሉውን አየሁና የቆመበትን ደቂቃ ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። እውነታቸውን ነው። ከ31ኛው እስከ 38ኛው ደቂቃ ባለው ጭፈራ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ቆመ። ከዚያ ውጪ አንድም ጊዜ አልቆመም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ቪዲዮ መጭመቂያ ከአንዱ ምስል ወደ ቀጣዩ የተለወጠውን ነው በዋናነት የሚመዘግበው። ቤተክርስቲያን ውስጥ ሰው ቆሞ ይጸልያል፤ ከሰከንድ ሰከንድ የሚለወጠው ትንሽ ነው። ጭፈራ ላይ ትከሻ ይንቀጠቀጣል፣ ጥልፉ ይወዛወዛል፣ የዲጄው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ካሜራውም አብሮ ይዞራል። ሁሉም ነጥብ ይለወጣል። ስለዚህ ብዙ ቢት ይበላል። ፋይሉን ኤፍኤፍፕሮብ በሚባለው ፕሮግራም ስለካው ቤተክርስቲያኑ ከ45 እስከ 55 ሜጋቢት ነበር። ጭፈራው ከ115 እስከ 130።

81 አማካዩ ነበር። እኔ በአማካይ ነው ያሰላሁት። ስህተቴ እዚያ ላይ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት፦ የ100 ሜጋቢት ጣሪያ፣ ሁለት ቦታ ላይ

ኬብሉን ከቲቪው ነቅዬ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። ለካሁ። 94 ሜጋቢት። ይህ ቁጥር ለሙያው ሰው ወዲያው ይናገራል። በ100 ሜጋቢት መስመር ላይ በተግባር የሚገኘው ወደ 94 ገደማ ነው። ግን ራውተሩ ጊጋቢት ነው፣ ኬብሉም ጊጋቢት የሚሸከም ካት6 ነው። ታዲያ 1,000 መሆን ሲገባው ለምን 100 ላይ ቆመ?

ጫፉ ላይ ያለውን ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ በስልክ መብራት አየሁት። ስምንት ሽቦ አለው። ሰባቱ እስከ ጫፍ ደርሰው ከወርቃማዎቹ ጥርሶች ሥር ገብተዋል። ቡናማው ግን ከሌሎቹ በሁለት ሚሊሜትር አጥሮ ቆሟል። ጥርሱ አልነካውም። ለ100 ሜጋቢት አራት ሽቦ ይበቃል። ለጊጋቢት ግን ስምንቱም ያስፈልጋሉ። አንዱ ሲጎድል መስመሩ አይቋረጥም፤ ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል። ይሠራል፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም።

ጫፉን ቆርጬ እንደገና ገጠምኩት። ላፕቶፑ 940 አሳየ። ቪዲዮውን ላፕቶፑ ላይ ከፈትኩት፤ ጭፈራው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ኬብሉን ወደ ቲቪው መለስኩት። 33ኛው ደቂቃ ላይ እንደገና ቆመ።

እዚህ ላይ እኔም ደነገጥኩ። ከዚያ የቲቪውን መመሪያ ፈልገን አነበብን። የኔትወርክ ቀዳዳው 100 ሜጋቢት ነው። ይህ የአንድ ቲቪ ጉዳይ አይደለም። ብዙ ዘመናዊ ቲቪዎች፣ ውድ የሚባሉትም ጭምር፣ የኬብል ቀዳዳቸው 100 ሜጋቢት ብቻ ነው። ከኢንተርኔት የሚታይ ቪዲዮ ከዚያ በጣም ስለሚያንስ አምራቾቹ በቂ ብለው ነው የሚያስገቡት። የቤት ሰርቨር ያለው ሰው ግን ይነካዋል። ጭፈራው 125 ይፈልጋል፣ በቀዳዳው የሚገባው 94 ነው። ቲቪው አስቀድሞ የያዘው ጥቂት ሰከንድ ያልቃል፣ ከዚያ ይቆማል።

ማለትም 100 ላይ የሚያግድ ነገር ሁለት ቦታ ነበር። አንዱን ማንሳት ብቻውን ምንም አያሳይም። ላፕቶፑ ባይኖር ኖሮ ቡናማውን ሽቦ በከንቱ የደከምኩበት ይመስለኝ ነበር።

የሠራው መፍትሔ

ዋይፋይ ከኬብል ያንሳል የሚለው አባባል ሁልጊዜ እውነት አይደለም። የቲቪው ዋይፋይ 5 ጊጋኸርትዝ ይቀበላል። ችግሩ ሶሌታው ነበር። ስለዚህ ሶሌታውን በኬብል አሳልፈን፣ የመጨረሻዋን ሁለት ሜትር በዋይፋይ ለማድረግ ወሰንን።

ቤቱ ውስጥ ያልተጠቀሙበት አሮጌ ራውተር ነበር። መጀመሪያ ቀዳዳዎቹ ጊጋቢት መሆናቸውን አረጋገጥኩ፤ 100 ቢሆኑ ኖሮ ተመልሰን እዚያው ነን። አድራሻ ማደያውን፣ ዲኤችሲፒ የሚባለውን፣ አጠፋሁት። የራሱን አድራሻ ከዋናው ራውተር ጋር እንዳይጋጭ ለወጥኩ። ከፎቅ የመጣውን ኬብል የሰካሁት ከላን ቀዳዳዎቹ በአንዱ ነው እንጂ ለኢንተርኔት መስመር በተለየው ቀዳዳ አይደለም። ቲቪው ሥር ካለው ኮመዲኖ ላይ አስቀመጥነው። ቲቪውን በ5 ጊጋኸርትዝ አገናኘነው፣ ኬብሉን ከቲቪው ነቀልነው። ላፕቶፔ በዚያ ቦታ 280 ሜጋቢት ለካ።

31ኛው ደቂቃ ላይ ጀመርን። 33 ደረሰ። እማማ ተነሱ፣ ወገባቸውን ያዙ፣ ትከሻቸው ሄደ። አልቆመም። እስከ 38 አልቆመም። ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልስልኝ አሉኝ፤ መለስኩላቸው።

ያልሠራውና የቀረው

ሁለት ነገር እንዳሰብነው አልሆነም። በመጀመሪያ በኬብሉ ብቻ ለማየት የሚሆን አነስ ያለ ቅጂ ማዘጋጀት አስበን ነበር፤ አማካዩ 40፣ ጣሪያው 60 ሜጋቢት። ያ አሮጌ ኮምፒውተር ለዚህ ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ማታ ጀመርነው። ሌሊት መብራት ጠፋ። ፋይሉ ኤምፒ4 ስለነበር ሳይጨርስ የተቋረጠው አልከፈትም አለ። በማግስቱ በኤምኬቪ ጀመርነው፤ ይህኛው ቢቋረጥ እንኳ እስከዚያ የተሠራው ይከፈታል። ያን ሌሊት መብራት አልጠፋም። 14 ጊጋባይት ገደማ ሆኖ ወጣ። ዋናውን ግን አልነካነውም።

ሌላው፦ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሲዞር ምስሉ በጣም ጥቂት ይንገጫገጫል። ይህ የፍጥነት ጉዳይ አይደለም። ፊልሙ በሰከንድ 25 ምስል ነው፣ ቲቪው በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚያድሰው። 25 ለ60 እኩል አይካፈልም። አንዳንዱ ምስል ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዱ ሦስት ጊዜ ይታያል። የዚህ ቲቪ አፕ እድሳቱን ወደ 50 የሚቀይርበት ምርጫ የለውም። ክቧ ስትሽከረከር ከሚመጣው መቆም ጋር ስለማይመሳሰል ሁለቱን መለየት ጥሩ ነው፤ አንዱን በሌላው መድኃኒት ማከም አይቻልም።

ለሌላ ቤት የሚሆነው

ይህን ጉዳይ ለሌላ ሰው ስነግር የማስቀድመው ወረቀቱን ነው። ቪዲዮው የቆመበትን ደቂቃ ጻፉ። በእኩል ርቀት የሚቆም ከሆነ የመንገዱ ወይም የሰርቨሩ አቅም ያንሳል። እንቅስቃሴ የበዛበት ቦታ ላይ ብቻ የሚቆም ከሆነ አማካዩ ይበቃል፣ ከፍታው ግን አይበቃም። ይህን ልዩነት እማማ በዓይናቸው ብቻ ነው የለዩት። «ይቆራረጣል» ብሎ የሚነግራችሁን ሰው «የት ላይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

አንድ ነገር አስተካክላችሁ ለውጥ ካላያችሁ ደግሞ ወደ ቀድሞው ለመመለስ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ለኩ። እኛ ቤት ጥራቱን ከፍ ማድረጉ፣ ኬብሉ፣ ቡናማው ሽቦ፣ ሁሉም ትክክል ነበሩ። አንዳቸውም ግን ብቻቸውን ጭፈራውን አላስኬዱትም። እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው መለካት ያስፈለገው ለዚህ ነው፦ ፋይሉን በፍላሽ፣ ሰርቨሩን በዳሽቦርዱ፣ መንገዱን በላፕቶፕ።

ኬብል የሚዘረጋላችሁ ባለሙያ ሳይሄድ ላፕቶፕ ሰክታችሁ የመስመሩን ፍጥነት እዩ። 1,000 ወይም 1.0 ጊጋቢት ማለት አለበት። 100 ካለ ጫፉ እንደገና ይገጠም። ባለሙያው እዚያው ካለ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ያለበት

ቲቪው ላይ ዋናው ፋይል ነው የሚታየው። ሙሽሪት አሜሪካ ሆና የምታየው አነስተኛውን ቅጂ ነው፤ ወንድሟ በኢንተርኔት ልኮላታል፣ ለመላክ አንድ ሌሊት ሙሉ ፈጅቷል። ሰርቨሩ ላይ ካለው ሌላ ዋናው ፋይል በሁለተኛ ዲስክ ተገልብጦ ዘመድ ቤት ተቀምጧል። ፓኬጁ ወደ ቀድሞው ዝቅ ተደርጓል። ታችኛው ራውተር ጎን ላይ ጓደኛዬ በእስክሪብቶ የጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል፦ «ጥራት፦ ከፍተኛ። ዋይፋይ፦ 5 ጊጋ፣ የሳሎኑ። ኬብሉን ቲቪው ላይ እንዳትሰኩት።»